የሽማግሌው ፍራሽ

ሥርጉት ሃያ ስድስት ዓመት የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ሆና ስትሠራ፣ አንድ ቀን እንኳ አፏን ይዛ ወደ ውጪ ሮጣ አታውቅም። ደም የነከረው አንሶላ፣ መግል የጠጣ ጨርቅ፣ ከወላድ ሥር የተሳበ ላስቲክ በእጇ ያላለፈ የለም። አዲስ ገቢ ሠራተኞች ምሳ አልዋጥላቸው ሲል፣ እሷ እጇን በሳሙና ፈትጋ ትታጠብና እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ትበላለች። «ከሰው ገላ የወጣ ቆሻሻ ውሃ ያስለቅቀዋል» ትላቸው ነበር። ጡረታ የወጣችውም እግሯ እያበጠ ስላስቸገራት እንጂ ሥራው ሰልችቷት አይደለም።

ቤቷ ሐረር፣ ከጁገል ግንብ ውጪ፣ ሸዋ በር አካባቢ፣ ቅድመ አያቷ በሠፈሩበት ግቢ ውስጥ ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጇ ሄኖክ አዳማ ትዳር ይዟል። ቤት መዋል ያልለመደች ሴት ናትና፣ ጡረታ በወጣች በአራተኛው ወር እንደሻው ሰው ልኮ ሲያስጠራት ነጠላዋን አጣፍታ በደስታ ሄደች።

እንደሻው «አዲስ ደጃፍ» የሚባል የበጎ አድራጎት ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ነው። ማኅበሩ ጦርነት ሸሽተው ሐረር ለገቡ ስደተኞች ቤት ይከራያል፤ ዕቃ አሟልቶም ያስገባቸዋል። እንደሻው ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ሲያናግሩት አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚያዳምጥ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው።

«እትዬ ሥርጉት፣ ሕዝቡ ልብስ እየለገሰን ነው። የሚታጠበውን የሚያጥብ፣ የሚለየውን የሚለይ ሰው አጣን። እርስዎ ደግሞ የታወቁ ነዎት» አላት።

እሷም ደስ አላት። በሳምንት ሦስት ቀን ልትገባ ተስማማች።

መጋዘኑ ከቢሮው ጀርባ ያለ ቆርቆሮ ቤት ነው። የመጀመሪያውን ጆንያ ስትፈታ አንድ እግር ብቻ የሆኑ ጫማዎች ወጡ። ቀጥሎ የኬክ ክሬም የደረቀበት ቬሎ፣ ጊዜው ያለፈበት የሳል ሽሮፕ፣ ውስጡ የቀረው ወተት ሻግቶ ትል ያፈላ የሕፃን ጡጦ መጣ። ከሥር ደግሞ ሳይታጠቡ የተጣሉ የውስጥ ልብሶች አሉ። መጣላቸውስ ይሁን፤ እነዚህ ግን በሥርዓት ተጣጥፈው፣ በሪባን ታስረው፣ ላያቸው ላይ በእስክሪብቶ «ከወገን ለወገን» የሚል ወረቀት ተሰክቶባቸዋል። ሥርጉት እድፉን አልተጠየፈችም። ያንን እድፍ ፊት ለፊት እያየ ጠርዝ ከጠርዝ አስተካክሎ ያጠፈውን እጅ ግን ተጠየፈችው።

ግማሹን ለማቃጠል ስታወጣ እንደሻው መጣ።

«አይጣል» አለ በለስላሳ ድምፁ።

«አቶ እንደሻው፣ ይሄ ለሰው የሚሰጥ አይደለም። ይዩት።»

«አይቻለሁ። የሰጠ ሰው አይወቀስም። ደግሞም ቅዳሜ እንግዶች ይመጣሉ፤ ክምሩ ትልቅ ሆኖ ይታይ።»

ክምሩ ቀረ። ሥርጉትም ደህና ደህናውን እየመረጠች ማጠቧን ቀጠለች። ለስደተኞቹ ስል ነው እያለች ራሷን አጽናናች።

ሪሃና የመጣችው በኅዳር ነው። ከየመን፣ ከሁዴይዳ ነው የተነሣችው፤ ባሕሩን ተሻግራ፣ ጅቡቲን አቋርጣ፣ ድሬዳዋ ከርማ ሐረር ገባች። ባሏ እዚያው በጦርነቱ ሞቷል። እናቷ በልጅነቷ ዓረብ አገር የወረደች የድሬዳዋ ሴት ስለነበረች አማርኛ ትናገራለች፤ ማንበብ ግን አትችልም። አብረዋት ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆቿና አባቷ ዓብዱላሂ አሉ። ዓብዱላሂ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ግራ ጎናቸው ተመትቶ ሽባ ከሆነ ወዲህ ግን መነሣት አይችሉም፤ በየመንገዱ በደረቅ መሬት ተኝተው ከርመው ዳሌያቸው ላይ ቁስል ወጥቶባቸዋል።

ማኅበሩ ቤት ከመስጠቱ በፊት ፎቶ ያነሣል። ፎቶ የምታነሣው ሊድያ የምትባል ወጣት ሠራተኛ ናት። በዚያን ቀን ሪሃና ሰው ፊት ልቀርብ ነው ብላ አረንጓዴ ሻሿን አጥባ፣ ልጆቿን አበጥራ መጣች። እንደሻው ከላይ እስከ ታች አያት።

«ይሄ ችግሩን አያሳይም» አለ። «እትዬ ሥርጉት፣ ከመጋዘን አንድ የተቀደደ ነገር ያምጡላት። ልጆቹም ጫማቸውን ያውልቁ። ሽንት ቤቱ በር ላይ ይቁሙ፤ እዚያ ብርሃኑ ጥሩ ነው።»

ሥርጉት የተቀደደውን ሻሽ ከጆንያው አወጣች። በገዛ እጇ አምጥታ ሰጠቻት። ሪሃና አረንጓዴውን አጥፋ ብብቷ ሥር ሸጎጠች፤ የተቀደደውንም ተከናነበች። ሥርጉት ከዚያ በኋላ ስለዚያ ማኅበር ሲነሣ መጀመሪያ የምታነሣው እንደሻውን ሳይሆን ያንን ሻሽ ነው። «ሰጠኋት» ትላለች፤ «ማን እጄን ያዘኝ? ሰጠኋት።»

የርክክቡ ቀን ደረሰ። ቤቱ አዲሱ ከተማ ጫፍ ላይ ያለ ሁለት ክፍል የብሎኬት ቤት ነው፤ ከመንገድ የሚታየው ግድግዳ ብቻ ተቀብቷል። ውስጡ ግን ያምር ነበር። የብረት አልጋ፣ ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ፣ ትንሽ ሰማያዊ ፍሪጅ፣ የዕቃ መደርደሪያ፣ ትልልቅ ጽጌረዳ ያለበት ብርድ ልብስ ገብቶለታል። እንግዶች መጡ፤ ሪባን ተቆረጠ፤ ተጨበጨበ። ዓብዱላሂን ሁለት ሰዎች አንሥተው ፍራሹ ላይ አስተኟቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው በዓረብኛ አንድ ነገር አሉ።

«ምን አሉ?» አለች ሥርጉት።

«አጥንቴ ዛሬ መሬት ለቀቀ ይላል» አለች ሪሃና፤ እያለቀሰች ሳቀች።

ሊድያ ያንን አነሣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥርጉት ከሥራ ስትወጣ በዚያ በኩል ታልፋለች። ውሃ አፍልታ ጨው ትጨምርና ቁስሉን ታጥባለች፤ አዮዲን ታደርጋለች፤ በፋሻ ትሸፍናለች። ሪሃና «ኻልቲ» ትላት ጀመር፤ አክስቴ ማለቷ ነው። ዓብዱላሂም ቁስላቸው በሚታጠብበት ጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መልሰው ጥርሳቸውን ነክሰው ይቆዩና፣ ሲያልቅ በደህናው እጃቸው ደረታቸውን ነካ አድርገው ያመሰግኗታል። በአምስተኛው ቀን ቁስሉ ዳር ዳሩን ቀይ ሥጋ መያዝ ጀመረ። ያን ሰሞን ግን የሥርጉት እግር እንደገና አብጦ ዐሥር ቀን ቤት ዋለች።

ሰኞ ጠዋት መጋዘን ስትገባ አንድ ፍራሽ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጥበቃው ጌታቸው ከበሩ ሆኖ፣ «ሽፋኑን አውልቀሽ እጠቢው ብለዋል፤ ለነገ ይፈለጋል» አላት።

ዚፑን ስትስበው ሽታው ቀድሞ ደረሰባት። ሃያ ስድስት ዓመት የለመደ አፍንጫ አይሳሳትም፤ መግልና አዮዲን ነው። ሽፋኑን ገለጥ ስታደርግ፣ ከዳሌ ትይዩ መዳፍ የሚያህል ቡናማ ነጠብጣብ አየች። የራሷ አዮዲን ነው።

«መቼ ሞቱ?» አለች።

«ማን?» አለ ጌታቸው።

«ሽማግሌው። የየመኗ ልጅ አባት።»

«ማንም አልሞተም። ዕቃው ነው የተመለሰው። ርክክቡ ካለፈ በኋላ ሁልጊዜ ይመለሳል፤ አታውቂም እንዴ?»

ሥርጉት ሽፋኑን ከእጇ ጣለች። ወጥታ ባጃጅ ያዘች።

ቤቱ ባዶ ነበር። አልጋው የለም፣ ፍሪጁ የለም፣ መደርደሪያው የለም፣ ጽጌረዳው ብርድ ልብስ የለም። ፍሪጁ ተጠቅልሎ የመጣበት ካርቶን ብቻ ቀርቷል፤ እሱን ዘርግተው ዓብዱላሂን በላዩ አስተኝተዋቸዋል። ካርቶኑ ከሥራቸው ርሶ ተልጧል። ቁስሉን ገልጣ ስታይ ዳር ዳሩን ይዞ የነበረው ቀይ ሥጋ ጠቁሯል፤ ዝንብ ጥሎበት ተልቷል። ሽማግሌው ዛሬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አላዞሩም። ጣሪያውን ያያሉ።

ሪሃና ከበሩ አጠገብ ቆማለች። «ዕቃውን ቁጥር ሊለጠፍበት ነው ብለው ወሰዱት፤ ለምዝገባ» አለች። «ወረቀት ሰጡኝ፣ ፈርሚ አሉኝ። በማግስቱ ይመለሳል ብዬ ጠበቅኩ። በሦስተኛው ቀን ሄጄ ብጠይቅ፣ ‹በአደራ ተቀብያለሁ ብለሽ ፈርመሻል› አሉኝ። ኻልቲ፣ አደራ ምንድን ነው? ስጦታ ማለት መስሎኝ ነበር።»

ሥርጉት ከቁስሉ ውስጥ ትሉን አንድ በአንድ ለቀመች። አጥባ ሸፍና ስትጨርስ ቀጥታ ወደ ቢሮ ተመለሰች። እንደሻው ስብሰባ ላይ ስለነበር ወደ ሊድያ ክፍል ገባች።

«ልጄ፣ የርክክቦቹን ፎቶ አሳዪኝ።»

ሊድያ ፊቷ ተለዋወጠ። ጥቂት አመነታችና ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረችው። ከሱማሌ የመጣ ቤተሰብ፣ ሰማያዊ ፍሪጅ። ከነልጆቿ የቆመች ሌላ እናት፣ ያው ፍሪጅ፣ ጎኑ ላይ ያው ጭረት። ባልና ሚስት ጽጌረዳውን ብርድ ልብስ ይዘው። ሌላ ባልና ሚስት ጽጌረዳውን ብርድ ልብስ ይዘው። ሰባት ቤት ነው። ፊቶቹ ብቻ ይለያያሉ፤ ሁሉም ይስቃሉ፤ የሚስቁት ደግሞ ከልባቸው ነው።

«ታውቂ ነበር?» አለቻት።

«ከሦስተኛው በኋላ አወቅሁ» አለች ሊድያ፤ ዓይኗን አላነሣችም። «ሥራ ነው ብዬ ነው እትዬ።»

ስብሰባው ሲያልቅ እንደሻው ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«እትዬ ሥርጉት፣ ነገሩን በስሜት አይዩት። ለጋሽ ፎቶ ይፈልጋል። ፎቶ ከሌለ ርዳታ የለም፤ ርዳታ ከሌለ እነዚህ ሰዎች ጣሪያም አይኖራቸውም። አንድ ዕቃ ብዙ በር ያስከፍትልናል። ስለዚህ ይዘዋወራል።»

«ሰውዬው ካርቶን ላይ ተኝተዋል። ቁስላቸው ተልቷል።»

«ያሳዝናል» አለ አንገቱን ዘንበል አድርጎ። «ግን ከየመን በአልጋ አልመጡም።»

ይህንን ሲናገር ድምፁ እንደወትሮው ለስላሳ ነበር። ቁጣ የለበት፣ ማሾፍ የለበት። ሥርጉት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን በደንብ አየችው፤ ንጹሕ፣ የተላጨ፣ ቅባት የነካው ፊት።

እሱ ዝምታዋን መስማማት አደረገው። «እርስዎም ደክመዋል። ያንን ጽጌረዳ ያለበትን ብርድ ልብስ ለራስዎ ይውሰዱት፤ ለእኛ ሌላ እናስገባለን። ብርዱም መጥቷል።»

ሥርጉት ብድግ ብላ ወጣች። ግቢው ውስጥ ያለው ቧንቧ ጋ እንኳ ሳትደርስ አስመለሳት። ጠዋት የቀመሰችው ሲያልቅ ሐሞቷ ወጣ። ጌታቸው ሮጦ ውሃ አመጣላት።

«ምን በላሽ?» አላት።

«የበላሁት አይደለም» አለች አፏን እየተጉመጠመጠች። «ያንን ፍራሽ አውጣልኝ።»

«ወረቀት ይጠይቁኛል።»

«ወረቀት የለኝም። የሰውዬው መግል አለበት፤ ከዚህ የበለጠ ፊርማ ከየት ላምጣ?»

ጌታቸው የመጋዘኑን በር ከፈተ። ከዚያ ፍራሹን ከአንድ ወገን ያዘላት። ባጃጁ ጣሪያ ላይ በገመድ ሲያስሩት የቢሮው ሰው ሁሉ በመስኮት ያያል። እንደሻው በረንዳው ላይ ወጣ።

«እትዬ ሥርጉት፣ የሚያደርጉት ስርቆት ነው።»

«ና አንሣዋ ታዲያ» አለችው። አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። «ና በእጅህ ያዘው። ያንን መግል ያለበትን ቦታ ይዘህ አውርደው።»

እንደሻው አልቀረበም። ሸሚዙ ነጭ ነበር።

ፍራሹ ያን ማታ ተወልውሎ ዓብዱላሂ ሥር ተመለሰ፤ በማግስቱ ግን የሌላ ቤተሰብ ርክክብ ነበረ። ሥርጉት ሌሊቱን ሙሉ የከበዳት ይህ ነው፤ ለእነዚያም ሰዎች ፍራሽ አሳጣኋቸው ብላ። ኋላ ከሊድያ እንደሰማችው ግን፣ እንግዶቹ ሊገቡ ግማሽ ሰዓት ሲቀር ከፈረስ መጋላ ገበያ አዲስ ፍራሽ ተገዝቶ መጣ፤ ከነላስቲኩ። ለካ መግዛት ይቻል ኖሯል። ግማሽ ሰዓትም በቂ ነበር። ይህን ስትሰማ ሥርጉት ከማስታወኩ የባሰ ነገር ተሰማት፤ ሰውነቷን ሁሉ ታጥባው የማይለቅ ቅባት የተቀባች ያህል።

ማኅበሩ ከሰሳት። ፖሊስ ጣቢያ አስጠርተው ቃሏን ተቀበሉና፣ በሽምግልና ብትጨርሱት ይሻላል ብለው መለሷቸው። የሰፈር አስታራቂዎች ተሰበሰቡ። ከነሱ አንዱ የሥርጉት የክርስትና ልጅ አባት ነበር፤ እሱ እንኳ ለእንደሻው ወንበር አቀበለ።

«በጎ ሥራ እንዳይደናቀፍ ይቅርታ ጠይቂውና ነገሩ ይብቃ» አሏት። «ትንሽ ጉድለት የሌለበት ድርጅት የት አለ?»

«ይቅርታ የምጠይቃት ሴት አለች» አለች ሥርጉት፤ «እሷን ጠይቄያለሁ። ለተቀደደ ሻሽ ነው የጠየቅኋት። ለፍራሹ ግን ማንንም አልጠይቅም።»

አስታራቂዎቹ ግራ ተጋብተው ተያዩ። ነገሩ በዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ። ሥራዋ ግን ቀረባት፤ ሪሃናም በወሩ መጨረሻ የኪራዩ ውል አልቋል ተብላ ቤቱን እንድትለቅ ተነገራት። ምክንያት የጠየቀ የለም።

ሥርጉት ጁገል ውስጥ ነሲማን ታውቃታለች። ነሲማ የአደሬ ሴት ናት፤ ስፌት ትሰፋለች፣ ትሸጣለችም። ልጇ በሆስፒታሉ ወልዳ ደም ሲፈሳት ሦስት ቀን አንሶላዋን እየቀየረች ያስታመመቻት ሥርጉት ነበረች። ግቢያቸው ውስጥ የሟች አማቷ ክፍል ባዶውን ተቀምጧል።

ሥርጉት ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት። ነሲማ መርፌዋን ሳታቆም ሰማች።

«ያሉት አራት ነፍስ ነው?» አለች በመጨረሻ።

«አራት።»

«ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ የግቢ በር አላስከፍትም። ውሃም በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ማባከን የለም።»

«እነግራታለሁ።»

«እንግዲያው የአፎቻ ሴቶችን ላናግር።» አፎቻ የጎረቤቶች ማኅበር ነው፤ በሠርግና በለቅሶ የሚረዳዱበት።

በሁለተኛው ቀን ዐረፋት የምትባል አንዲት ጎረቤት የታጠበ አንሶላ ይዛ መጣች። ሌላዋ ድስት፣ ሌላዋ ሁለት ትራስ። አንዷ የተሰነጠቀ ሳህን ይዛ ብትመጣ ነሲማ ተቀብላ አገላበጠችና መለሰችላት።

«ይሄን አንቺ ቤት እንግዳ ሲመጣ ታቀርቢበታለሽ?»

«አላቀርብም።»

«ራስሽ የምትጠየፊውን በአላህ ስም መስጠት ነውር ነው። ሂጂ ሌላ አምጪ።»

ሴትዮዋ አኩርፋ ሄደች፤ ግን ደህናውን ይዛ ተመለሰች። ፎቶ ያነሣ ሰው አልነበረም። ዓብዱላሂን ተሸክመው በጠባቡ መንገድ ሲያስገቧቸው ሰላምታ ከሰጣቸው ሰው በቀር ማንም አላያቸውም።

ሽማግሌው እዚያ ክፍል ሦስት ወር ያህል ኖሩ። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ አልዳነም፤ ግን መሽተቱን ተወ። ሪሃና የአባቷን ሙያ ታውቃለችና፣ ልብስ ሰፊዎቹ በተደረደሩበት፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ዐብዱረዛቅ የሚባል ሰፊ አንድ የስፌት መኪና ለቀቀላት። ዓብዱላሂ ማታ ማታ የሰፋችውን እያመጣች ስታሳያቸው፣ በደህናው ጣታቸው ጠምዛዛውን ስፌት እየነኩ ያርሟታል። በመጋቢት ወር አንድ ጠዋት፣ ቁርስ ሳይቀርብላቸው በፊት ሞቱ።

አፎቻው ቀብሩን አደረገ። ሥርጉት ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ሳለ፣ በሁለተኛው ቀን እንደሻው ግቢው በር ላይ ታየ። ሦስት እሽግ የታሸገ ውሃ አስይዟል፤ በእያንዳንዱ ላይ የማኅበሩ ስም ተለጥፏል። ውሃውን በሩ አጠገብ አስደረደረና ስልኩን አወጣ።

ነሲማ ተነሥታ ሄደች። «ወንድሜ፣ እዚህ ሰው ነው የሞተው። ስልኩን ኪስህ መልሰው።»

መለሰው። ፈገግ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወደ ሥርጉት መጥቶ እጁን ዘረጋ። «እትዬ ሥርጉት፣ እግዜር ያጽናዎት። የቆየው ይቅር፤ ዛሬ የሐዘን ቀን ነው።»

ሥርጉት እጁን አየችው። ጥፍሩ ተቆርጦ ጠርቷል። በዕድሜዋ ሁሉ ያልነካችው የሰው ገላ የለም፤ የቆሰለውን፣ የበሰበሰውን፣ የሞተውንም ጭምር ነክታለች። ያንን እጅ ግን መንካት አልቻለችም። ሁለት እጇን ነጠላዋ ውስጥ እንደያዘች ፊቷን መለሰች። እንደሻው ትንሽ ቆሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ለሌሎቹ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ወጣ።

በሳምንቱ በማኅበሩ ገጽ ላይ አንድ ፎቶ ወጣ። በሩ ላይ የተደረደረው ውሃ ነው፤ ሰው የለበትም። መቼ እንዳነሣው ያየ የለም። ከሥሩ «በሐዘናቸውም ከጎናቸው ነን» ይላል። ሊድያ ናት ያሳየቻት፤ እሷ ሥራውን ለቃ አሁን ሠርግ ታነሣለች።

ማኅበሩ አለ። ባለፈው ዓመት ትልቅ ቢሮ ተከራይቷል፤ እንደሻውም የምስክር ወረቀት ተሰጥቶታል። ሥርጉት ነሲማ ስትልክባት ጁገል ትሄዳለች፤ አዲስ የስደተኛ ቤተሰብ ሲገባ ቁስል ያለበትን ታያለች፣ ልብስ ታጥባለች። ሪሃናም ሁለት ልጆቿን ትምህርት ቤት አስገብታለች። ሥርጉትና እንደሻው አንዳንዴ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። እሱ ከሩቅ ሰላም ይላታል። እሷ እግሯ እያመማትም ቢሆን መንገዱን ተሻግራ በወዲያኛው በኩል ትሄዳለች።